የአያቴ ዘመናዊ ቤት፦ ውበቱና ጣጣው

ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ አጋሮ የሚገኘው የአያቴ ቤት የሳሎን ኮርኒስ ተደርምሶ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም፤ አልሐምዱሊላህ። የወደቀው ግን አያቴ ዘወትር ምንጣፏን ዘርግታ የምትሰግድበት ቦታ ላይ ነው። እኛ አኮ ነው የምንላት፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። የዙህር ሰላቷን ልትጀምር ስትል ዝናቡ መጣ፤ ልብስ ለማስገባት ወደ ጓሮ በመውጣቷ ተረፈች።

ያን ዕለት ማታ ቤተሰቡ ሁሉ በስልክ ተሰበሰበ ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ «በቃ ይፍረስ! በቦታው ጂ ፕላስ ቱ ይሠራ፤ ታቹ ይከራያል፣ ላዩ ላይ እማማ ትኖራለች» አለ። እናቴ ደግሞ «አባታችን የሠራው ቤት እኛ እያለን አይፈርስም» ብላ አለቀሰች። እኔ ወዲያው ከእናቴ ጎን ተሰለፍኩ። ተወልጄ ያደግኩበት ቤት ነዋ! አጎቴ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «እሺ፣ ለምንድን ነው የሚያፈሰው? ልታሠሪው ከፈለግሽ መጀመሪያ እሱን ንገሪኝ» አለኝ። ዝም አልኩ። ቤቱን እንደምወደው እንጂ ለምን እንደምወደውም፣ ለምን እንደሚያፈስም አላውቅም ነበር።

ጋዜጠኝነት የሚማር ሰው «እወደዋለሁ» ብሎ ብቻ ማለፍ አይችልም። አንደኛ ዓመት ላይ «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» ተብለን ተምረናል። ስለዚህ ክረምቱን በሙሉ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ቤቱን እንደ እንግዳ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው። ጅማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ያደጋችሁ ወይም አሁን ተከራይታችሁ ያላችሁ አትጠፉምና፣ የእኔን ቤት ታሪክ ከእናንተው ጋር እያስተያያችሁ እንድታነቡት እጋብዛለሁ።

ለመሆኑ ምን ዓይነት ቤት ነው?

አያቴ (ወንዱ ማለቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና) ቡና ሰብሳቢ ነጋዴ ነበር። ቤቱን ያሠራው በ1954 ዓ.ም. ነው። ቤቱ ፎቅ የለውም፤ ወደ ጎን ሰፋ ያለ፣ ከመንገድ ሲያዩት ልክ እንደ ሳጥን ቀጥ ያለ ነው። ጣሪያው አይታይም። እስከ መስኮቱ ግርጌ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ጡብ ነው። መስኮቶቹ የብረት ፍሬም ያላቸው ሲሆን የሳሎኑ መስኮት ግድግዳውን ከግማሽ በላይ ይይዛል። ከመስኮቱ በላይ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውጭ የወጣ ስስ አርማታ አለ። በረንዳው በሁለት ቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። ወለሉ በቀይና በግራጫ ያሸበረቀ የሲሚንቶ ንጣፍ ነው። ከኋላ ሰርቪስ ቤትና ማድቤት፣ በጎን መጋዘን፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ቡና የሚሰጣበት የሲሚንቶ አውድማ አለ። ጌጥ የሚባል ነገር የለውም። መልኩ ራሱ መስመሩ ነው።

የዚህ ዓይነቱ አሠራር በዓለም ላይ ስም አለው። ፈረንጆቹ «ሚድ ሴንቸሪ ሞደርን» ይሉታል፤ የክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ዘመናዊ ቤት እንደማለት ነው። ስያሜው እንኳ ከቤቶቹ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ በሰፊው እንዲታወቅ ያደረገችው ካራ ግሪንበርግ የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው መጽሐፍ ነው። ዘመኑ በግርድፉ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያለው ነው። መለያው ጠፍጣፋ ወይም የማይታይ ጣሪያ፣ ትልልቅ መስታወት፣ ሰፊ ሳሎን፣ ጌጥ አልባ ግድግዳ፣ እንዲሁም ከውስጥ ወደ ውጭ በቀላሉ የሚያስወጣ በረንዳ ነው። በካሊፎርኒያ፣ በስካንዲኔቪያ አገሮች፣ እንደኛው ቡና አብቃይ በሆነችው በብራዚልም ተስፋፍቷል። የብራዚል አዲሷ ዋና ከተማ ብራዚሊያ እ.ኤ.አ. በ1960 ስትመረቅ ከዳር እስከ ዳር በዚህ መንፈስ ተሠርታ ነው።

እኛም አገር ዘመኑ ምልክቱን ጥሎ አልፏል። በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የተሠራው አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የዚሁ ሰው ሥራ የሆነው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ገደማ ተጠናቀቀ። ግንባታን በትምህርት ቤት ደረጃ ለማስተማር የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቋቋመውም በ1940ዎቹ ነው። እነዚህ ታላላቅ ሥራዎች በየመጽሐፉ ተጽፈዋል። የአጋሮው ሳጥን ግን ማንም አልጻፈለትም። አርክቴክትም አልነበረውም።

ከፈረንጅ አራዳ እስከ አጋሮ

አርክቴክት ካልነበረው ታዲያ ይህ መልክ አጋሮ ድረስ እንዴት መጣ? መልሱን ያገኘሁት ትምህርት ሲከፈት ወደ ጅማ ተመልሼ ፈረንጅ አራዳን በእግሬ ስዞር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቶ ኮፒ ለማድረግና ሻይ ለመጠጣት እመላለስበት የነበረውን ሰፈር ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ቀና ስል አያቴ ቤት ታየኝ! ያው ቀጥ ያለ ፊት፣ ያው የተደበቀ ጣሪያ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጥጉ ክብ ሆኖ የተጠማዘዘ።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራ በቆየበት ጊዜ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጎ ነበር። መንገድ አወጣ፣ ቢሮና ሱቅ ሠራ። በዚያን ዘመን ጣሊያን አገር ፋሽን የነበረው ጌጥ አልባው ዘመናዊ አሠራር ነበርና ያንኑ ይዞ መጣ። ጅማ በሰኔ 1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ጣሊያን ሄደ፤ ሕንፃዎቹና የግንበኝነቱ ሙያ ግን ቀሩ። ለዚህ ምስክሩ አፋችን ነው። አርማታ፣ ፌሮ፣ ባኞ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ድንጋይ ሲያቀብሉ የነበሩ ልጆች ከነጻነት በኋላ ራሳቸው ግንበኛ ሆኑ፤ ያዩትን ሠሩ። የእኛንም ቤት የሠራው ግንበኛ ከጅማ የመጣ ሲሆን፣ አያቴ አንድ ቤት በጣቱ አሳይቶት «እንደዚያ ያለ» ብሎ እንዳሠራው በቤተሰባችን ይነገራል።

ገንዘቡስ? ገንዘቡ ከቡና ነው የመጣው። በ1945 ዓ.ም. ክረምት ብራዚል ውስጥ ውርጭ የቡና ተክል ፈጅቶ በቀጣዩ ዓመት የዓለም ዋጋ ጣራ ነካ። አጋሮ፣ ሊሙ፣ የቡ፣ ሰቃ ቡና ብለው የሚያድሩ ቦታዎች ናቸውና በዚያ ዘመን ከጭቃ ቤት ወደ ድንጋይና ጡብ የተሸጋገረው ነጋዴ ብዙ ነው። አያቴም አንዱ ነበር። ስለዚህ ቤታችን ሦስት ነገር ተቀላቅሎ የወለደው ነው፦ የጣሊያን መስመር፣ የአገር ግንበኛ እጅ እና የቡና ብር።

የሚያስወድደው ምኑ ነው?

መጀመሪያ ብርሃኑ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጓደኞቼ ሻማ ሲፈልጉ እኔ ሳሎን መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ እስከ አመሻሽ አነባለሁ። ግን ይህ መስኮት ለእኔ ንባብ ተብሎ አልተሠራም። አሜሪካኖቹ ትልቅ መስኮት የሚያወጡት የአትክልት ቦታቸውን ለማየት ነው። አያቴ ያወጣው አውድማውን ለማየት ነው። የተሰጣ ጀንፈል ዝናብ ከነካው ይበላሻል፤ ሻጋታ ከያዘው ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ ከደንበኛ ጋር ቡና እየጠጣ ዓይኑ ሰማዩ ላይና አውድማው ላይ እንዲሆን ይፈልግ ነበር። ይህን የነገረችኝ አኮ ናት። ሲሰማ ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ መስኮቱን በሌላ ዓይን ነው የማየው። ሳሎን ሳይሆን የጥበቃ ማማ ነበር!

ሁለተኛው ቅዝቃዜው ነው። በየካቲትና በመጋቢት፣ ጎረቤት ያሉት ስስ የብሎኬት ቤቶች እንደ ምጣድ ሲግሉ የእኛ ሳሎን ቀዝቀዝ ያለ ነው። ወፍራሙ የድንጋይና የጡብ ግድግዳ ቀን የሚመጣውን ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ኮርኒሱም ከፍ ያለ ስለሆነ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ከመስኮቱ በላይ የወጣችው አርማታም ለጌጥ አይደለችም። አጋሮ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስምንት ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥ፣ ቡና በሚሰጣበት ወር፣ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል 59 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትቆማለች። በዚህ ሂሳብ አንድ ሜትር የወጣ ጥላ ከሥሩ 1.6 ሜትር ያህል ያጠላል፤ የእኛ ወደ ደቡብ የሚያየው መስኮት ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ ቀትር ላይ ፀሐይ ሳይገባ ብርሃን ብቻ ይገባል። ግንበኛው ዲግሪ አስልቶ አይመስለኝም። ዓይኑ አስልቶታል።

ሦስተኛው ሰው የመያዝ አቅሙ ነው። ሳሎኑና በረንዳው በአንድ ሰፊ በር ስለሚገናኙ ለሰርግም ለሐዘንም ድንኳን ሳንተክል ብዙ ሰው እናስተናግዳለን። አያቴ የሞተ ጊዜ ሐዘንተኛው ከሳሎን እስከ አውድማ ድረስ ተቀምጦ ሁሉም ይተያይ እንደነበር እናቴ ዛሬም ታነሳዋለች። ዛሬ የሚሠሩት ቤቶች ብዙ ክፍል አላቸው፤ እንዲህ ያለ አንድ ሰፊ ቦታ ግን የላቸውም።

አራተኛው ጥንካሬው ነው። የሲሚንቶ ንጣፉ ከስልሳ ዓመት በላይ ተረግጦ ቀለሙ አለቀቀም፤ ቀለሙ ላዩ ላይ የተቀባ ሳይሆን ከሲሚንቶው ጋር ተቦክቶ የተጋገረ ነውና። የዋንዛ በሮቹም ዛሬም ሲዘጉ ድምፃቸው ድም ይላል።

ጣጣውስ?

አሁን ወደ አጎቴ ጥያቄ ልመለስ። ለምንድን ነው የሚያፈሰው?

ጥፋተኛው ቤቱን ዘመናዊ ያስመሰለው ነገር ራሱ ነው። ጣሪያው ከመንገድ አይታይም ብያለሁ። ጠፍጣፋ ስለሆነ ግን አይደለም፤ ከላይ ሲወጡ እንደ ማንኛውም ቤት ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው እንዳይታይ ዙሪያውን ግድግዳው ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ግንበኞች ፓራፔት ይሉታል። እንግዲህ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወርዶ ወደ ውጭ መፍሰስ አይችልም፤ ግድግዳው ያግደዋል። ስለዚህ በቆርቆሮውና በፓራፔቱ መካከል የላሜራ አሸንዳ ተደብቆ ተዘርግቷል፤ ውኃው በእሱ ሄዶ በሁለት ቱቦ ይወርዳል። አሸንዳው ከተበሳ፣ ወይም ቱቦው በቅጠል ከተደፈነ፣ ውኃው የሚሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ቤት ውስጥ።

ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ጅማ አካባቢ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል። የቤታችን ጣሪያ 130 ካሬ ሜትር ነው። በዓመት 195,000 ሊትር፣ ማለትም በባለ 200 ሊትሩ በርሜል 975 በርሜል ውኃ በሁለት የተደበቀ ቱቦ ማለፍ አለበት ማለት ነው። የዚህ ዓይነት ቤት መዲና ተደርጋ የምትጠቀሰው የካሊፎርኒያዋ ፓልም ስፕሪንግስ በዓመት 150 ሚሊ ሜትር እንኳ ዝናብ አታገኝም። በጣሊያን ዘመን ሕንፃዎቿ በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው አስመራም ዝናቧ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የእኛ ሲሶ። ፓራፔት ለእነሱ ያምራል። ለጅማና ለአጋሮ ግን ከሌላ አየር ንብረት የተዋሰው ልብስ ነው።

በጣም የገረመኝ መልሱ ከአፍንጫችን ሥር መኖሩ ነው። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስትጎበኙ ጣሪያውን ልብ ብላችሁ እዩት። ከግድግዳው አልፎ ወጥቶ በረንዳውን ሁሉ ይሸፍናል፤ ዝናቡ ከግድግዳው ርቆ ይወርዳል። የገጠሩ የሳር ቤትም እንደዚያው ነው፤ ክፈፉ ረጅም ነው። የአገሩ ሰው ዝናቡን ያውቀዋል። ዘመናዊ ለመሆን ስንል ባርኔጣችንን አውልቀን ጣልን።

ሌላው ጣጣ የብረት መስኮቱ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፤ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል። ያን ያህል ስፋት ያለው መስታወት ሲሰበር ከጅማ ማስመጣት አለ፤ መንገድ ላይ ከተሰበረ ደግሞ እንደገና። ሁለቱ መስኮቶቻችን ላይ ዛሬ ያለው መስታወት ሳይሆን ኮምፔንሳቶ ነው።

የኤሌክትሪኩም ነገር አለ። መስመሩ የተዘረጋው ለአምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ነው። ዛሬ ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥን፣ ከሁሉም በላይ የእንጀራ ምጣድ አለ። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ የድሮ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በወፍራም ሽቦ መተካት የለመድነው ነገር ነው። እባካችሁ አታድርጉት! ፊውዙ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው። የድሮ ቀለም ስትፍቁም ተጠንቀቁ። በቀለም ውስጥ ያለውን የእርሳስ መጠን የሚገድብ ደንብ አገራችን ያወጣችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላልና ሕፃናት ባሉበት በደረቁ አይፈቅፈቅ፤ አርጥቦ መፋቅና ትራፊውን መሰብሰብ ይሻላል።

ጥገናውስ ለምን አልተደረገም? ይህም ታሪክ አለው። አያቴ ጅማ ውስጥ ሁለት የሚከራዩ ቤቶች ነበሩት፤ የአጋሮው ቤት ጥገና ከእነሱ ኪራይ ነበር የሚወጣው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት በላይ ያለው ቤት የመንግሥት ሆነ። ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ የአያቴም ሁለቱ ቤቶች እንደዚያው። ከዚያ ወዲያ ቤቱ የሚታደሰው ቡና ጥሩ ዋጋ ሲያወጣ ብቻ ነው። አኮ የቀለሙን ዘመን በቡና ነው የምትቆጥረው። በ1994 ዓ.ም. ገደማ የዓለም የቡና ዋጋ በብዙ አሥርት ዓመታት ወዳልታየ ዝቅታ ሲወርድ ገበሬው ሁሉ ተጎድቶ ነበር። የእኛም አሸንዳ መበሳት የጀመረው ያኔ ነው፤ በሬንጅ ተደፍኖ ታለፈ። ሬንጁ ሃያ ዓመት ቆየ፤ እኛ ግን ለዘለዓለም የሚቆይ መስሎን ነበር።

የሚወደው ሌላ፣ የሚሸከመው ሌላ

እስከዚህ ድረስ ጽፌ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ለማሟያ ያህል አኮን ቃለ መጠይቅ ላድርጋት ብዬ ደብተሬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አኮ፣ ይህ ቤት ቢፈርስ ምን ይሰማሻል?» አልኳት። እንባዋን ጠብቄ ነበር።

ሳቀች። «እኔ ይሄን ወለል ስልሳ ዓመት ወለወልኩት። አንቺ ስንት ቀን ወለወልሽው?» አለችኝ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እሷ ግን ቀጠለች። ሙሽራ ሆና የገባችው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያኔ ቤቱ ሠራተኞች ነበሩት። ማድቤቱ ከዋናው ቤት ሃያ ሁለት እርምጃ ርቆ የተሠራው ጭስና ሽታ እንግዳ ጋ እንዳይደርስ ነው። ሠራተኞቹ ከቀሩ አርባ ዓመት አልፏል፤ ሃያ ሁለቱ እርምጃ ግን አለ። በክረምት ድስት ይዛ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በጭቃ የምትመላለሰው እሷ ናት። የበረንዳው ሦስት ደረጃ መደገፊያ የለውም፤ ጉልበቷ ይታመማል። ያ የምናደንቀው የሲሚንቶ ወለል ሌሊት ለፈጅር ሰላት ስትነሳ እንደ በረዶ ነው። «ይሄ ቤት ፊቱ ለወንድ ነው የተሠራው፤ ጀርባው ነው የኛ» አለችኝ።

ይህን ስሰማ እስካሁን የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። ብርሃኑ፣ ጥላው፣ ሳሎኑ፣ አውድማው፤ ሁሉም የቤቱ ፊት ነው። ስለ ማድቤቱ «ከኋላ» ብዬ አንድ ቃል ብቻ ነበር የጻፍኩት። ቤቱ ዘመናዊ የሆነው እንግዳ እስከሚያይበት ድረስ ነበር። እኔም እንደ እንግዳ ነው ያየሁት። ቤቱን የምንወደው እኔ፣ እናቴና ለበዓል የሚመጡት ዘመዶች ነን። የምትሸከመው አንዲት የሰባ ሰባት ዓመት ሴት ናት። የዚህ ዓይነት ቤት ይቆይ ወይስ ይፍረስ ብለን ስንከራከር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማን ይወደዋል ሳይሆን ማን ይሸከመዋል የሚለው ነው ብዬ የማምነው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

«ታዲያ ይፍረስ?» አልኳት።

«ማን ይፍረስ አለ? ግድግዳው ምን አደረገኝ? ጣሪያውን አስተካክሉና ማድቤቱን ወደ ውስጥ አስገቡልኝ።»

ምን ተደረገ? ምንስ ይደረግ?

እኛ ቤት የሆነው ይህ ነው። አንድ ሸምገል ያሉ ግንበኛ ጠርተን አሳየናቸው። ጣሪያው ላይ ሲወጡ እኔም አብሬ ወጣሁ፤ አኮ ከታች «ውረጂ፣ ትሰበሪያለሽ!» እያለች ትጮሃለች። አሸንዳው ውስጥ ቅጠል፣ ጭቃ፣ የሞተ ወፍ፣ እንዲያውም አንድ ክንድ የሚያህል የበቀለ ዛፍ አገኘን። ሰውየው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ቤት አላረጀም፤ ተረስቶ ነው» አሉኝ። ምክራቸው የመንገዱን ፊት እንዳለ ትቶ የሦስቱን ጎን ፓራፔት ማውረድ፣ ቆርቆሮውን ከግድግዳው አሳልፎ ማውጣት፣ አሸንዳውን ከውጭ በኩል ማድረግ ነበር። ቢደፈንም እንኳ ውኃው ጓሮ እንጂ ሳሎን አይገባም። አጎቴ ሂሳቡን ሰማ፤ ከጂ ፕላስ ቱ ጋር ሲያስተያየው ተስማማ። ሥራው መስከረም ውስጥ አለቀ።

ለሌሎቻችሁ ከዚህ የተማርኩትን በአጭሩ ላካፍል። እንዲህ ዓይነት ቤት ካላችሁ ወይም ከተከራያችሁ፣ ከቀለም በፊት ጣሪያውን እዩ። አሸንዳውን ከግንቦት በፊት አንዴ፣ ክረምቱ መሐል ላይ አንዴ ጥረጉ። ብረት መስኮቱን ዝገቱ ሳያብጥ ፍቁና የዝገት መከላከያ ቀቡት። ለምጣድ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር በባለሙያ አስዘርጉ። ለማፍረስ ከወሰናችሁ ደግሞ በሩን፣ ንጣፉንና ጡቡን ሳትሰብሩ አውጡ፤ ከመፍረሱ በፊትም ፎቶ አንሱት። በተለይ እኛ የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ካሜራ እንዋስ የለም እንዴ? ጅማ በኮሪደር ልማት ምክንያት መልኳ በፍጥነት እየተለወጠ ባለበት በዚህ ጊዜ የፈረንጅ አራዳን ፊቶች መዝግቦ ማስቀመጥ ለእኛ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

ማቆየት ርካሽ ነው ግን እንዳትሉኝ። አፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት እድሳቱ 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ ነበር። ለእሱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አለለት። ለአጋሮው ሳጥን ያለችው አኮ ናት፤ ከእሷ ቀጥሎ እኛ።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ገንዘቡ ጣሪያው ላይ አለቀ። ቤቱ ከመንገድ ሲታይ ልክ እንደ 1954ቱ ነው፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ «ጎበዝ፣ አሳመራችሁት» ይላል። ማድቤቱ ግን አሁንም ሃያ ሁለት እርምጃ ርቆ ነው ያለው። ማለትም መጀመሪያ የተሠራው እኛ የምንወደው ፊት ሆነ፤ አኮ የጠየቀችው ለሚቀጥለው የቡና ለቀማ ተላለፈ። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ከጅማ በሚኒባስ እሄዳለሁ፤ 45 ኪሎ ሜትር ነው፤ ድስቱን የምመላልሰው እኔ ነኝ። ወለሉንም እወለውላለሁ። አኮ እስካሁን አራት ጊዜ ቆጥራልኛለች።